ጫማ ሰፊው ያስነገረው ዜና

«አንድ ጫማ ሰፊ ነበረ» አሉ ጋሽ ይፍሩ፣ ትብለጥ ጥያቄዋን ስትጨርስ።

ጋሽ ይፍሩ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጣቢያ ዜና ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ትብለጥ ደግሞ ከአምስት ጓደኞቿ ጋር ሆና፣ አልጋ ላይ የቀሩ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚያጥብና የሚያገላብጥ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ያቋቋመች ሴት ናት። ስድስት ጊዜ ጋዜጣዊ መግለጫ ጽፋ ለሬዲዮውም ለጋዜጣውም ልካለች፤ አንዱም አልወጣላትም። ሰባተኛውን በእጇ ይዛ መጥታ፣ «ጋሽዬ፣ ምን ብዬ ብጽፍ ነው የሚሰሙኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ይህን ታሪክ ነገሯት።

አንድ ጫማ ሰፊ ነበረ። በአንድ ትንሽ ከተማ፣ ከገበያው በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ሙያውን ከአባቱ ወርሷል፤ እጁም የተመሰከረለት ነው። ጠባዩ ግን ከሥራው ጋር አይስማማም። ሥራው መቀመጥ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ መቀመጥ አይችልም። ወስፌውን ሁለት ጊዜ ሳይወጋ ብድግ ይላል፣ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ሚስቱ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የምትቀመጠው እያለች ትቀልድበት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ወደ ሱቁ መጣ። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ ቁና አክሏል፤ በጆንያ ጠቅልሎታል። በዚያ አገር እንዲህ ያለ እግር ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ዝሆኔ ይሉታል። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲረግጥ የኖረን ሰው የሚይዝ ሕመም ነው። ሰው ግን እርግማን ነው፣ ይጋባል እያለ ይሸሸዋል። ገበሬው ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ከደጅ እንደቆመ፣ ለዚህ የሚሆን ጫማ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። የሚሳቅበት መስሎት ሲጠይቅ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ነበር።

ጫማ ሰፊው አልሳቀም። እንዲህ ላለ እግር የሚሆን ፎርማ፣ ጫማ የሚሰፋበት የእንጨት እግር፣ ስላልነበረው ቆዳውን እዚያው እግሩ ላይ ለክቶ ቆረጠው። ከላይ እስከ ታች በማሰሪያ የሚከፈት፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ታቹ የመኪና ጎማ የሆነ ሰፊ ጫማ ሠራለት። አራት ቀን ፈጀበት። ገበሬው ጫማውን አድርጎ በሱቁ ፊት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በቀጣዩ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር አልፎ ገባ፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ከአጥር ውጭ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው።

ይህን ያዩ ሌሎች መጡ። ጫማ ሰፊው ከሚስቱ፣ ጡረታ ከወጣች አንዲት ነርስና ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ማኅበር አቋቋመ። ነርሷ የታማሚዎቹን እግር ታጥባለች፤ እሱ ይሰፋል፤ የቀሩት ቆዳና ጎማ ይለምናሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሃምሳ ያህል ሰው ጫማ አደረገ። መልካም ሥራ ነበር፤ በዚያው ቢቀጥል ማንም የሚነቅፈው አልነበረም።

ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት ሲሰፋ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ዜና ላይ በጎረቤት ከተማ ያለ አንድ ማኅበር ችግኝ ተከለ ተብሎ ተነገረ፤ የሊቀ መንበሩ ስም ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ድምፁም ተሰማ። ጫማ ሰፊው ያንን ሊቀ መንበር ያውቀዋል። ወስፌውን አስቀምጦ ተነሣ። ችግኝ ተክሎ ስሙ ከተጠራ፣ እኔ ሰው ያቆምኩት ምን ጎደለኝ አለ በልቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የነበረው ትንሽ ዕረፍትም ጠፋ።

በሳምንቱ ወረቀት በገንዘብ የሚተየብበት ጽሕፈት ቤት ሄዶ የመጀመሪያውን ጋዜጣዊ መግለጫ አስጻፈ። ሁለት ገጽ ነበር። ማኅበሩ መቼ እንደተመሠረተ፣ ራዕዩና ተልእኮው ምን እንደሆነ፣ መሥራቹ ምን ያህል ውጣ ውረድ እንዳሳለፈ በሰፊው ይተርካል። የራሱ ስም ከነማዕረጉ አምስት ቦታ ላይ ነበር፤ ማዕረጉንም ለራሱ የሰጠው እሱ ነው። ታማሚዎቹ የተነሡት በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ፣ «የኅብረተሰብ ክፍሎች» ተብለው ነው። ወረቀቱን አውቶቡስ ተሳፍሮ ራሱ ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ አደረሰ።

በማግስቱ የጠዋቱን ዜና ሰማ፤ የለም። የምሳ ሰዓቱን ሰማ፤ የለም። ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አውርዶ ጉልበቱ ላይ በአንድ እጁ ያዘና በሌላ እጁ ለመስፋት ሞከረ፤ ወስፌው አውራ ጣቱን ወጋው። አሥር ቀን እንዲህ ሰነበተ። ታማሚ ሲመጣ እንኳ ዜናው እስኪያልቅ ዝም በሉ ይል ጀመር።

ሁለተኛውን መግለጫ አራት ገጽ አደረገው። የማኅበሩን ማኅተም በየገጹ አስመታ፤ መቀስ ይዞ የተነሣውን ፎቶግራፍ አያያዘበት። ይህም አልወጣም። ለሦስተኛው ባነር አሰፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ምሳ አዘጋጅቶ ጋዜጠኞችን ጠራ። አንድ ጋዜጠኛ መጣ፤ ምሳውን በላ፤ ድምፁንም ቀዳ። በማግስቱ ግን በዚያ ዜና ሰዓት የጎርፍ አደጋ ተነገረና የጫማ ሰፊው ነገር ቀረ። የዚያን ሳምንት ምንም ጫማ አልተሠራም ነበር፤ ሁሉም ሰው ድንኳን ሲያቆምና ሲያፈርስ ነው የሰነበተው።

በመጨረሻ አላስችል ሲለው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄዶ የዜናውን አዘጋጅ አስጠራ። አዘጋጁ ጠረጴዛው በወረቀት የተከመረበት ደካማ ሰው ነበር። ከክምሩ ውስጥ የጫማ ሰፊውን ሦስት መግለጫዎች ፈልጎ አወጣ። አልጣላቸውም ነበር።

«ወንድሜ፣ አንብቤያቸዋለሁ» አለው። «ስለ አንተ ብዙ ዐወቅሁ። አድማጬ ግን ይህን ሰምቶ ምን ያድርግ?»

ጫማ ሰፊው ከወንበሩ ተነሣ። አመስግኖ ወጣ፤ በመንገድ ላይ ግን ነገሩን ሲያብላላ ለራሱ በሚመቸው ተረጎመው። ሥራህ ትንሽ ነው ማለቱ ነው አለ። ሃምሳ ሰው ለዜና አይበቃም፤ ብዙ ቢሆን ኖሮ ይነገር ነበር። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

አራተኛው መግለጫ አጭር ነበር። ማኅበሩ ለሁለት ሺህ የዝሆኔ ታማሚዎች ጫማ አዘጋጅቶ በመጪው ቅዳሜ በነጻ ያድላል ይላል።

ሚስቱ ወረቀቱን አይታ ቀና አለች። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ስምንት ጥንድ ጫማ ነው ያለው። «ሁለት ሺህ የት አለ?» አለችው።

«እቅድ ነው» አላት። «እቅድ ደግሞ ውሸት አይባልም። መጀመሪያ ስማችን ይነገር፤ ረጂ ሲመጣ ሁለት ሺህ የማይሆንበት ምክንያት የለም።»

 ሚስቱ ቆይታ ግን ቅዳሜ የሚመጣው ሰው እቅድ ተጫምቶ አይሄድም አለች፤ እሱ ወጥቶ ስለነበር አልሰማትም።

ያን ጊዜ አዘጋጁ እረፍት ላይ ነበር። በእሱ ቦታ የተቀመጠው ሰው ወረቀቱን አየ፤ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ቀኑ ተቆርጧል፣ ቦታው ይታወቃል። ረቡዕ ጠዋትና ማታ አስነበበው።

የጫማ ሰፊው ስም በሬዲዮ ተጠራ። ጎረቤት እየመጣ እንኳን ደስ ያለህ አለው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሥራውን አቁሞ ወጥቶ እጁን ጨበጠው። ሐሙስን ሙሉ ገበያ ለገበያ ሲዞር፣ ሲመሰገን ዋለ። ያሰበው ረጂ በዚያ ሳምንት ይመጣል ብሎ መንገድ መንገዱን ያይ ነበር። ረጂ ግን አልመጣም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ወደ ሱቁ መጥታ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ሰዎች እየተቀመጡ እንደሆነ ነገረችው። ወጥቶ አየ። ዐሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም እግራቸውን ጠቅልለዋል። ገብቶ ቆዳ መቁረጥ ጀመረ። የቆረጠው ጠመመ፤ ጥሎ ሌላ ጀመረ፤ እሱም ጠመመ።

ቅዳሜ ማለዳ ከገበያው በታች ያለው ሜዳ ሞላ። በበቅሎ የመጡ አሉ፤ ዘመዶቻቸው በቃሬዛ ያመጧቸው አሉ፤ የሚበዙት ግን በትር ተደግፈው በዚያው በታመመው እግራቸው የመጡ ናቸው። ማንም አይጮኽም። ተቀምጠው በሩን ያያሉ። ጫማ ሰፊው በቆርቆሮው ስንጥቅ አሻግሮ አያቸው። ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ውኃ ጠጣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ከዚያ ለሚስቱ ቆዳ ይዤ ልመለስ ብሎ በጓሮ በኩል ወጣ። የሚገኝ ቆዳ እንደሌለ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

በፍጥነት ሄደ። ወደየት እንደሚሄድ አላሰበም፤ ከዚያ ሜዳ መራቅ ብቻ ነው የፈለገው። የከተማውን ጫፍ አልፎ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወረደ። ከድልድዩ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። የጠቀለለችበት ጨርቅ ረጥቧል፤ ዝንብ ይከባታል። ሲያልፋት ቀና ብላ ጠራችው።

«ወንድም ጋሼ፣ የጫማ ሰፊው ቤት ይርቃል?» አለችው።

ቆመ። ከየት እንደመጣች ጠየቃት። የነገረችው ቀበሌ ከተራራው ማዶ ነው። ረቡዕ ጠዋት ዜናውን ጎረቤት ቤት ሰምታ፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ መነሣቷን ነገረችው። ጎረቤቶቿ እውነት መሆኑን ሰው ልከሽ አጣሪ ብለዋት ነበር።

«እኔ ግን ሬዲዮ ለምን ብሎ ይዋሸኛል አልኩ» አለች። «እኔን የሚያውቀኝ የለ።»

ጫማ ሰፊው እዚያው ቆሞ ቀረ። የሚሄድበት መንገድ ከድልድዩ ማዶ ወለል ብሎ ይታያል። አላውቀውም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ቅርብ ነው ብሎ አሳይቷት መሄድም ይችል ነበር። ሴቲቱ መልሱን እየጠበቀች ታየዋለች። በዚያች ሰዓት፣ ስሙ በሬዲዮ ከተጠራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዜናውን አምኖ የመጣ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አየ። እስከዚያ ድረስ አድማጭ ሲል በሐሳቡ የሚመጣበት ጎረቤቱ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሹም፣ ያ ችግኝ የተከለው ሊቀ መንበር ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም።

«ጫማ ሰፊው እኔ ነኝ» አላት።

ክንዷን ትከሻው ላይ አድርጎ አስነሣት። በዐሥር ደቂቃ የወረደውን መንገድ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። በየሃያ እርምጃው ታርፋለች፤ እሱም አብሮ ያርፋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲቸኩል የኖረው ሰው፣ በሌላ ሰው እግር ልክ መሄድ ምን እንደሆነ ያን ዕለት ዐወቀ። እውነቱን መንገድ ላይ ሊነግራት ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው፤ ለሁሉም በአንድነት መንገር አለብኝ ብሎ አሰበ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሴቲቱን ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ከሱቁ ደጅ ባለው ሣጥን ላይ ወጣ። ሰዉ ጫማው ሊታደል ነው ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«ሁለት ሺህ ጫማ የለም» አለ። «ያለው ሠላሳ ስምንት ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሬዲዮው የሰጠሁትን ነው ያነበበው። ስሜ እንዲጠራ ብዬ ነው።»

 አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ትንሽ አዩትና፣ መሬት ላይ እንትፍ ብለው በትራቸውን ተደግፈው ሄዱ። ሌሎችም ተከተሏቸው። ወንድሙን በቃሬዛ ያመጣ አንድ ሰው ድንጋይ አንሥቶ ነበር፤ ወንድሙ ከተኛበት ተው አለው፤ ድንጋዩን ጣለው። ጫማ ሰፊው ከሣጥኑ አልወረደም፤ የሚሰድበው ሁሉ እስኪጨርስ ቆመ። ሚስቱ በበሩ ላይ ሆና ታለቅስ ነበር።

ነገሩን ወደ ሥራ የመለሰችው ነርሷ ናት። ጀሪካን አስመጥታ፣ መታጠቢያ ዘርግታ፣ የመጣ እግር ሳይታጠብ አይመለስም አለች። የማኅበሩ ሰዎች ውኃ ይቀዱ ጀመር። ሠላሳ ስምንቱን ጫማ አወጡ፤ ግን እንዲህ ያለ እግር አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልምና ልኩን ያገኘው ሃያ አንድ ሰው ብቻ ሆነ። የቀረው ጫማ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የቀረውን ሰው እግር ለመለካት ወረቀት ተፈለገ። በሱቁ ውስጥ የነበረው ወረቀት የመግለጫዎቹ ትርፍ ቅጂ ነው። ጫማ ሰፊው እሱን አውጥቶ በጀርባው በኩል መሬት ላይ አነጠፈ። አንድ በአንድ እየተንበረከከ የእያንዳንዱን ሰው እግር ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረ፤ ስሙንና ቀበሌውን ጻፈበት። የመቶ አሥራ ስምንት ሰው እግር ለካ። ለዚያች ሴት የሚሆንም አልተገኘምና እሷም ተለክታ ሄደች። ስትሄድ አልረገመችውም፤ አላመሰገነችውምም።

ሰኞ ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያው ደጅ ላይ ነበር። አዘጋጁ ከእረፍት ተመልሷል፤ ነገሩንም ሰምቷል፤ ፊቱን አጥቁሮ ነው የተቀበለው። ጫማ ሰፊው ሳይቀመጥ አንድ ወረቀት ሰጠው። በራሱ እጅ የተጻፈ ነው፤ ማኅተም የለውም። እንዲህ ይላል፦

«ባለፈው ረቡዕ ሁለት ሺህ ጫማ አለን ያልነው እውነት አይደለም። የነበረን ሠላሳ ስምንት ነው። ቅዳሜ ሃያ አንድ ሰው ጫማ አግኝቶ ሄደ። የመቶ አሥራ ስምንት ሰው እግር ለክተናል። እነዚህ ሰዎች ጫማቸው ሲደርስ በየቀበሌያቸው መልእክት ይላክላቸዋል፤ እስከዚያ እንዳይንገላቱ። ሌላ ታማሚም ለጊዜው ለጫማ ብሎ ከቤቱ አይነሣ። እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ሕመሙን ያስታግሳል፤ አስተጣጠቡን ነርሷ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ታሳያለች። ቆዳ መስፋት የሚችል ሰው በነዚሁ ቀናት መጥቶ ቢያግዘን ጫማው ቶሎ ይደርሳል። ያረጀ የመኪና ጎማ ያለው አይጣለው፤ የጫማ ሶል ይሆነናል።»

አዘጋጁ አንብቦ ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። ከዚያ፣ ስምህን አልጻፍክም አለው። ጫማ ሰፊው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ጫማ ሰፊ ቢባል ሰው አይስተውም አለ። አዘጋጁ እስክሪብቶውን አንሥቶ የሚያርመው ፈለገ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ጨመረ። በምሳ ሰዓቱ ዜና አስነበበው፤ በማግስቱም ሳይለምኑት ደገመው።

ማክሰኞ የመጣ ሰው አልነበረም። ጫማ ሰፊው ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ሲቆምና ሲቀመጥ ዋለ። ሐሙስ ኮርቻ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ መጣ፤ ዜናውን ሰምቶ እጄ ገና አልደከመም ብሎ ነው። ቀጥላ የተማሪ ቦርሳ የምትሰፋ ሴት መጣች። በሳምንቱ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ዐሥራ አራት ጎማ በሱቁ ደጅ አራግፎ፣ ስሙን ሳይናገር ሄደ። እግር ለመታጠብ የሚመጣው ሰው በየሳምንቱ እየበዛ ሄደ፤ ነርሷም ሁለት ረዳት አሠለጠነች።

ሁሉም ነገር አልተቃናም። ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች ከውሸታም ጋር ስማችን አይጠራ ብለው ወጡ። ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ጠርቶ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። ገበያ ውስጥ ልጆች ሁለት ሺህ እያሉ ይጠሩት ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚጠሩት አሉ። የመቶ አሥራ ስምንቱን ጫማ ለመጨረስ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሲፈለጉ አልተገኙም፤ ጫማቸው ተሠርቶ ቀረ። ያ መቀመጥ የማይችል ሰው አሁንም መቀመጥ አልቻለም። ወደ በሩ መመላለሱን ግን ትቶ ወደ ግድግዳው መመላለስ ጀመረ፤ የእግሮቹን ወረቀት ግድግዳው ላይ ሰክቶ ነበርና፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ለማንሣት ይነሣል። የዚያችን የድልድይ ሴት ጫማ በሦስተኛው ወር ጨርሶ ራሱ ተሸክሞ ተራራውን ተሻገረ። ቤቷ ሲደርስ ከደጃፏ ላይ አስቀምጧት፣ ተንበርክኮ አሰረላት። ተነሥታ እስከ ጎረቤቷ ቤት ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ፣ «አሁን ሬዲዮው አልዋሸም» አለችው።

ጋሽ ይፍሩ እዚህ ላይ አቁመው ወደ ትብለጥ ዞሩ። ወረቀቷን ከጉልበታቸው አንሥተው ዘረጉት።

«ልጄ፣ አንቺ አልዋሸሽም። ከጫማ ሰፊው በዚያ ትሻያለሽ። ነገር ግን ይህ ወረቀትሽ የእሱን የመጀመሪያ ወረቀት ይመስላል። ማኅበርሽ የተመሠረተበትን ቀን አገኘሁበት፤ የቦርድ አባላቱን ስም አገኘሁበት፤ ዓላማ የሚለውን ቃል ስድስት ጊዜ አገኘሁት። ጫማ ሰፊው ሦስት ጊዜ የጻፈው ለሚያዩት ሰዎች ነው፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለቁጥር ጻፈ። የተሰማው ድንጋይ ላይ ለተቀመጠችው ሴት በጻፈ ቀን ነው። አንቺም ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አለሽ። በዚህች ከተማ፣ ምናልባትም እዚሁ ሰፈር፣ እናቱ አልጋ ላይ ከቀረች ሁለት ዓመት የሆናት ሰው አለ። ጀርባዋ ቆስሏል፤ ማገላበጥ አያውቅበትም፤ ሰው መጥራት አፍሯል። ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ሬዲዮው ተከፍቷል። ያንቺ ወረቀት በዚያች ሰዓት ቢነበብለት፣ ምን እንደምታደርጊለት ያውቃል? በየትኛው ቀን፣ በየትኛው በር እንደሚያንኳኳ ያውቃል? ሥራ የበዛብሽ እንደሆነ፣ ሁለት ሰዓት ትርፍ ያላት ጎረቤት እንዴት እንደምታግዝሽ ታውቃለች? አዘጋጁን እርሺው፤ እሱ በር ጠባቂ ነው። የምትጽፊው ለዚያ ሰው ነው። ልክ የምትችዪውን ያህል ንገሪው፤ አምስት ቤት ከሆነ አቅምሽ አምስት በዪ። ከዚያም ወረቀቱ በተነበበ ማግስት በሩ ሲንኳኳ ቤት ሁኚ።»

ወረቀቱን መለሱላት፤ እስክሪብቶም ሰጧት።

«በይ እዚሁ ተቀመጪና ለእሱ ጻፊለት» አሉ። «እናቱ እየጠበቀች ነው።»